የሦስት ወር ሕፃን ይዞ ካምፕ ማደር ይቻላል? ትሬለሩንስ የት እናቁመው?

የውድብሪጇ እናት

ሰላም ወገኖቼ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ሁለቱም ከአንድ ትሬለር ጋር የተያያዙ ናቸው።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ ነው። ልጃችን ከመወለዷ በፊት ባለቤቴ ያገለገለ ባለ 20 ጫማ ትሬለር ከሥራ ባልደረባው ገዛ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማሞቂያና መታጠቢያ አለው። ልጃችን ዛፍና ወንዝ እያየች ትደግ ብለን ነው የገዛነው። አሁን ሦስት ወር ሞልቷታል፤ ክርስትናም ተነስታለች። ሰመሩ ሳያልቅ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይዘናት መሄድ እንፈልጋለን። በዚህ ዕድሜ ይቻላል? የሌሊቱ ብርድስ? ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ «ይቺን ለጋ ልጅ ጫካ ልታሳድሪያት ነው?» ብላ ጭንቅ ላይ ናት።

ሁለተኛው ጉዳይ ማቆሚያ ነው። ሰፈራችን ታውንሃውስ ነው። የሰፈሩ ማኅበር፣ ኤች ኦ ኤው፣ ትሬለሩን ካላነሳችሁት ይጎተታል የሚል ደብዳቤ ላከብን። አጠገባችን ያሉ ስቶሬጆች፣ ማለት ትሬለር የሚቆምባቸው የኪራይ ቦታዎች፣ ወይ ሞልተዋል ወይ ወረፋ ያዙ አሉን። ባለቤቴ እንሽጠው ወደሚለው እያጋደለ ነው። እኔ ግን አንጀቴ አልቆርጥ አለኝ። ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

ባለ ካምፐሩ ከማናሰስ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ትሬለሩን አትሽጡት። ከማቆሚያው ልጀምር። ከሕፃን ጋር የሚደረግ ጉዞ መቅለሉም መክበዱም ትሬለሩ ከቆመበት ቦታ ይጀምራል።

ሰው ሁሉ ስቶሬጅ የሚፈልገው ቤቱ አጠገብ ነው። እኔ ደግሞ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ፈልጉ እላለሁ። ዓርብ ከሰዓት ከውድብሪጅ ትሬለር ጎትቶ ሀይዌይ 66 ላይ መግባት በጣም ከባድ ነው። ልጅ ከኋላ ታለቅሳለች፤ መስመር ለመቀየር ቦታ የሚለቅላችሁ የለም፤ በፈለጋችሁበት መቆምም አትችሉም። ትሬለሩ ዋረንተን ወይም ፍሮንት ሮያል አካባቢ ቢቆም ግን ትራፊኩን በመኪና ብቻ ታልፋላችሁ። ስቶሬጁ ጋ ስትደርሱ አንቺ ታጠቢያታለሽ፣ ዳይፐር ትቀይሪያለሽ፤ አባትየው ትሬለሩን ያያይዛል። ለጋ ሕፃን ካር ሲት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሳታርፍ መቀመጥ ስለሌለባት መንገድ ላይ መቆማችሁ አይቀርም። ያንን ዕረፍት ከማያያዙ ሥራ ጋር ማገጣጠም ነው። ከዋሽንግተን እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኪራዩም ይቀንሳል፤ ክፍት ቦታም ይገኛል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከዋረንተን በ211 መንገድ ስፔሪቪልን አልፋችሁ ወደ ፓርኩ መግቢያ፣ ወደ ቶርንተን ጋፕ፣ የምትወጡት አቀበት ጠመዝማዛ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ዝግ ብላችሁ ውጡ። ፓርኩ ውስጥ ያለው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ 105 ማይል ይረዝማል፤ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። ከቶርንተን ጋፕ ወደ ደቡብ እንደታጠፋችሁ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ ታገኛላችሁ። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የትሬለሩን ቁመት ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ ጨምራችሁ ለኩ። ቁጥሩን ሹፌሩ በሚያየው ቦታ ለጥፉት።

ነርስ ከባልቲሞር

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ልጅቷ እኔ ልመልስ።

በጊዜዋ የተወለደች ጤነኛ የሦስት ወር ልጅ ካምፕ ማደር ትችላለች። ለሐኪሟ ግን አስቀድመሽ ንገሪው፤ የሁለት ወር ክትባቷን መውሰዷንም አረጋግጪ። የሙቀት መለኪያ ሳትይዢ እንዳትወጪ። ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እዚህ አገር 100.4 የሚሉት፣ ወዲያው ሐኪም የሚደወልበት ትኩሳት ነው። ያንቺ ገና ሦስት ወር ስለሞላት እኔ በዚያው ቁጥር እንድትሄጂ እመክርሻለሁ። ፓርኩ ውስጥ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ስለዚህ ቅርቡ ሆስፒታል የት እንደሆነ ቤት ሳላችሁ እወቁ። ሉሬይም ፍሮንት ሮያልም ሆስፒታል አለ።

ፀሐይ፦ እስከ ስድስት ወር ድረስ ዋናው መከላከያ ጥላ ነው። ባርኔጣና እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ ይበቃል።

ቢምቢና ትንኝ፦ ከሁለት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ዲት የሚባለው ኬሚካል ያለበት መከላከያ እስከ 30 በመቶ ድረስ ይፈቀዳል። እጇ ላይ፣ ዓይኗና አፏ አካባቢ ግን አይቀባም። በዚህ ዕድሜ ከሁሉም የሚሻለው ጋሪዋን በመረብ መሸፈን ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ሱቅ ውስጥ የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት ያለበት መከላከያ ታገኛላችሁ። ባሕር ዛፍ ለምች የምንታጠነው ስለሆነ ለልጅ ይስማማል ብላችሁ እንዳትወስዱት። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይደረግም።

መዥገር፦ እኛ ባለንበት አካባቢ የላይም በሽታ ብዙ ነው፤ የሚያስተላልፈውም መዥገር ነው። ማታ ማታ ልብሷን አውልቀሽ ከጆሮዋ ጀርባ፣ አንገቷን፣ ብብቷንና የዳይፐሯን ጠርዝ እዪ። ካገኘሽ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳዋ ጋር አስጠግተሽ ያዢውና ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ቅቤም ቫዝሊንም አትቀቢ፤ ክብሪትም አታስጠጊ።

የልጅ ልጆች አያት

ልጆቼ፣ ሁላችሁም በዕውቀት ነው የምታወሩት፤ ተባረኩ። እኔ ግን የእናትሽ ጭንቀት ይገባኛል። በእኛ ጊዜ አራስ ደጅ አትወጣም ነበር። ልጁም ብርድ እንዳይመታው፣ እሷም እንዳይመታት። አንቺ ራስሽ እኮ ገና ወገብሽ አልጠናም። ውኃ መቅዳት፣ ዕቃ ማንሳት፣ ጎንበስ ቀና ማለት ይኖራል። ለልጅቷ ሁሉም ያስባል፤ ለእናቲቱ ማን ያስባል?

አትሂጂ አልልሽም። እናትሽን ግን ጥለሻት አትሂጂ። ይዘሻት ሂጂ። አጥሚትሽን ታፈላልሻለች፣ አንቺ ስትተኚ ልጅቷን ታቅፍልሻለች። ጭንቀቷም በዓይኗ ስታየው ይቀልላታል።

የውድብሪጇ እናት

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «እኚህ ሴትዮ ልቤን ነው የተናገሩት» አለች። ትመጣለች።

ነርስ እህቴ፣ አንድ ልጨምር። ትሬለሩ ውስጥ አንድ ሰፊ አልጋ ፊት ለፊት አለ፤ ከኋላ ሁለት ተደራራቢ አልጋ አለ። እናቴ የታችኛውን ትይዛለች። ልጅቷን ከእኛ ጋር ላስተኛት ወይስ ጠረጴዛው ተዘርግቶ በሚሆነው አልጋ ላይ?

ነርስ ከባልቲሞር

ሁለቱም አይሆንም። የትሬለር ፍራሽ ስፖንጁ ለስላሳ ነው፤ ጠርዙና ግድግዳው መሃል ደግሞ ክፍተት አለ። ሕፃን እዚያ ልትቀረቀር ትችላለች። ቤት እንደምታደርጊው ለብቻዋ፣ በጀርባዋ፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ በሆነ ነገር ላይ ትተኛ። ተጣጣፊዋን የሕፃን አልጋ ውሰጂ። መደበኛዋ ስትዘረጋ ወደ 28 በ40 ኢንች ናት። በአልጋውና በምድጃው መሃል ያለውን ወለል አሁኑኑ ለኩት። ካልገባች ጠበብ ያለ ባሲኔት፣ ትንሿን የጨቅላ አልጋ፣ ፈልጉ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ተራራው አናት ላይ ከሸለቆው 10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይቀዘቅዛል። ኦገስት ውስጥም ቢሆን ሌሊት ሹራብ ያሰኛል። ለእሷ አንቺ ከለበስሽው አንድ ልብስ ጨምሪና በሚለበስ የመኝታ ከረጢት አስተኛት። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ አልጋዋ ውስጥ አይገባም፤ ስትተኛ ኮፍያም አይደረግላትም። ጋቢው ታቅፈሻት ውጭ ስትቀመጡ ይሁን። ደረቷን ወይም ማጅራቷን ንኪ። ካላበው ሞቋታል፤ ቀንሺላት።

አሁን ከሁሉም የሚያሳስበኝን ልናገር። እናትሽ ከመጣች ቡና አይቀርም፤ ደስም ይላል። ነገር ግን ከሰል በምንም ምክንያት ትሬለሩ ውስጥ አይግባ። ዝናብ ቢዘንብም፣ በርና መስኮት ቢከፈትም፣ «ፍሙ ነዷል፣ ጭሱ አልቋል» ቢባልም አይግባ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ጭስ በማይታይበት ሰዓትም ይወጣል። አገር ቤት በከሰል ምክንያት ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦችን ሁላችንም ሰምተናል። ትሬለር ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። የጋዝ ምድጃውንም ለማሞቂያ አትጠቀሙበት። ትሬለሩ ያገለገለ ስለሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውን ከግድግዳው አውርዳችሁ ጀርባውን እዩ። የሚያበቃበት ቀን አለው። ካለፈ በአዲስ ቀይሩት፤ በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም። ወለሉ አጠገብ ያለው ሌላው ማንቂያ የፕሮፔን ነው፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው የሚጠራቀመው። እሱንም አረጋግጡ።

ረጅም መንገድ

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ባለ ካምፐሩ ወንድሜ ያለው መልካም ነው፤ እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ያገለገለ ትሬለር ገና ሳታውቁት ሩቅ አታቁሙት። ያገለገለ ትሬለር ትልቁ ጠላቱ ውኃ ነው። የጣሪያው ማሸጊያ የት እንደሚያፈስ የምታውቁት ከከባድ ዝናብ በኋላ ገብታችሁ ስታዩ ነው። አንድ ሰዓት መንዳት ካለባችሁ አታዩትም። ሳታዩት እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ለሕፃን ደግሞ ሻጋታ ያለበት ክፍል መኝታ አይሆንም። ለመጀመሪያው ጊዜ ቅርብ አድርጉት፤ ካወቃችሁት በኋላ አርቁት።

የትም ብትከራዩ ግን እነዚህን ጠይቁ። በሩ የሚከፈተው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? እሑድ ማታ ስትመለሱ ተዘግቶ ካገኛችሁት ትሬለሩን ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ? መሬቱ ጠጠር ነው አፈር? አፈር ከሆነ በዝናብ ጎማው ይሰምጣል። መተላለፊያው ባለ 20 ጫማ ትሬለር ወደ ኋላ ለማስገባት ይበቃል? ደግሞ 20 ጫማ ሲባል ብዙ ጊዜ የፊተኛው መጎተቻ ብረት አይቆጠርም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሳችሁ ለክታችሁ ያንን ቁጥር ንገሯቸው። ኪራዩ በየወሩ ነው ወይስ በዓመት ውል? የኢንሹራንስና የታርጋ ወረቀት በስማችሁ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ከባልደረባው ላይ ስሙ ካልዞረ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ብዙ ሰው የመኪናው ኢንሹራንስ የሚሸፍን ይመስለዋል። መኪናው የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ስትጎትቱ ሌላው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ቆሞ ሳለ ቢሰረቅ ለብቻው የተገዛ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ደግሞ በትሬለርም ላይ የካውንቲ ንብረት ታክስ አለ። የሚከፈለው በቋሚነት ለሚቆምበት ካውንቲ ስለሆነ ሌላ ካውንቲ ካቆማችሁት አሳውቁ።

ጎማውን እዩልኝ። ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የቆመ ትሬለር ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሰነጠቃል። ሀይዌይ ላይ የሚፈነዳውም እሱ ነው።

ስቶሬጁ ውስጥ የማያያዣው ራስ ላይ አንድ ቁልፍ፣ ጎማው ላይ አንድ ቁልፍ አድርጉ። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ሥላሴ ሰፈር

ቤተ ክርስቲያናችሁ ሰፊ ፓርኪንግ የለውም? አስተዳዳሪውን ብትጠይቁ በነፃ ሊያስቆሟችሁ ይችላሉ።

ረጅም መንገድ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከቅንነት ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። አንድ ቢሰረቅ ወይም ልጆች ሲጫወቱ ቢወጡበትና ቢጎዱ ቤተ ክርስቲያኗን ነው ጣጣ ውስጥ የምናስገባት። የከተማው ደንብም ትሬለር ማከማቸት ላይፈቅድ ይችላል። ይልቅ ስታፎርድ ወይም ፍሬድሪክስበርግ ሰፊ ግቢ ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ እሱ ይሻላል። ያኔም ቢሆን በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ትንሽም ብትሆን ክፈሉት። የወዳጅነት ነገር ሳይነጋገሩ ሲቀር ነው የሚበላሸው።

እናት ከጌይተርስበርግ

እኔ ልጆቼን በጨቅላነታቸው ይዤ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያውን ጉዞ ሼናንዶዋ አታድርጊው። እዚያ ያሉት ካምፖች፣ ቢግ ሜዶውስም ሎፍት ማውንቴንም ሆኑ ማቲውስ አርም፣ ለትሬለር የሚሰካ ኤሌክትሪክም ውኃም የላቸውም። በባትሪና በያዛችሁት ውኃ ነው የምትኖሩት። አጠገብሽ ሎርተን ፖሂክ ቤይ የሚባል ካምፕ አለ፤ ሴንተርቪል ደግሞ ቡል ረን አለ። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያለው ቦታ አላቸው። እዚያ ቅዳሜን እደሩ። ልጅቷ አልተኛ ብትል ወይም ማሞቂያው አልነሳ ቢል ሌሊቱን ቤታችሁ ትገባላችሁ። ፖሂክ ቤይ ስትደውዪ ትሬለር የሚቆምበት ኪራይ ቦታ እንዳላቸውም ጠይቂልኝ፤ አንዳንድ ፓርኮች ያከራያሉ፤ ሰው ግን አያስታውሳቸውም።

ያገለገለ ትሬለር የውኃ ጋን ደግሞ ሳይታጠብ አይጠጣበትም። ለየ15 ጋሎኑ ሩብ ኩባያ ምንም ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና አድርጋችሁ ሙሉት፤ ሰዓታት ይቆይ፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁት። ለጡጦ ግን የታሸገ ውኃ ይሁን። የምታጠቢ ከሆነ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፎርሙላ ከሆነ ከተበጠበጠ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ትጠጣው፤ አፏ የነካውን ትርፍ ድፉት።

ሼናንዶዋ ስትደርሱ ድብ አለ። ሰው ስለ ሥጋና ስለ ዳቦ ያስባል፤ የሕፃን ዕቃ ይረሳል። ያገለገለ ዳይፐር፣ ቅባት፣ መጥረጊያ፣ ወተት የነካው ጡጦ ሁሉ ይሸታል። ማታ ትሬለሩ ወይም መኪናው ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ማገዶ ከቤት አትጫኑ። ፓርኩ በሙቀት ታክሞ ማረጋገጫ ከተለጠፈበት በስተቀር ከውጭ የመጣ እንጨት አያስገባም፤ ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት አብረውት ስለሚገቡ ነው።

ቀን ቀን በአንቀልባ ያዣት። ፊቷ ይታይሽ፣ አገጯ ደረቷ ላይ አይጣበቅ። እኔ ልጆቼን ጫካ ውስጥ ሳዝል ቤት ያጣሁትን እንቅልፍ ነበር የሚተኙልኝ።

ባለ ካምፐሩ ከማናሰስ

ረጅም መንገድ፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ያልከው እውነት ነው። ያገለገለ መሆኑን ሳስበው ላንተ እለቅልሃለሁ። መጀመሪያ ቅርብ፣ ከዚያ ወደ ተራራው።

አንድ ብቻ ልጨምር፤ ቢግ ሜዶውስ ቀድሞ ይሞላል። በሬክሪየሽን ዶት ጎቭ ድረ ገጽ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይያዛል። ስትይዙ ጄኔሬተር የማይፈቀድበትን ክፍል ምረጡ። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ጸጥታ ነው። ሕፃን ብታለቅስ ግን አትሳቀቁ። ማንም የሚቆጣችሁ የለም።

የውድብሪጇ እናት

ወገኖቼ፣ የወሰንነውን ልንገራችሁ። ትሬለሩ አይሸጥም። ባለቤቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካው 23 ጫማ ሆነ፤ በ20 ጫማ ብንከራይ ኖሮ አይገባም ነበር። የማንቂያው ቀን አልፎ ስለነበር ተቀየረ። ማናሰስ ጠጠር የተነጠፈበት ቦታ በወር ኪራይ አገኘን፤ ከቤታችን ብዙም አይርቅ፣ ወደ ተራራው መንገድም ላይ ነው። ፖሂክ ቤይ ቅዳሜ ያዝን። እናቴ ጀበናዋን ለብቻ ጠቅልላ አስቀምጣለች፤ ከሰሉ ውጭ እንደሚሆን እሷው ናት ለባለቤቴ ያስጠነቀቀችው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ክረምት ሲመጣ፣ ማለት በረዶው ጊዜ፣ እዚያው ቆሞ ምን እናድርግለት?

ረጅም መንገድ

ዋናው ነገር ውስጡ ውኃ እንዳይቀር ነው። ከቀረ ይረጋና ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ የምታውቁት ደግሞ በፀደይ ነው። ጋኑን፣ የውኃ ማሞቂያውን፣ መስመሩን ሁሉ አፍስሱ። ከዚያ ለካምፐር የሚሸጠውን ሮዝ ፀረ በረዶ በመስመሩ ውስጥ አሳልፉ። የመኪናው አረንጓዴ መርዝ ነው፤ የሚጠጣ ውኃ በሚያልፍበት ቧንቧ በፍጹም እንዳይገባ።

የፕሮፔኑን ሲሊንደር ዝጉ። ስቶሬጁ ቤት ውስጥ ከሆነ ሲሊንደር ላያስገቡ ስለሚችሉ ጠይቁ። መንገድ ላይም አስታውሱት፦ ባልቲሞር ያሉት ሁለቱ የባሕር ሥር ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር አያሳልፉም፤ የትሬለር ሲሊንደር ደግሞ አብዛኛው 20 ፓውንድ ነው። ድሮ በኪ ብሪጅ ይዞር ነበር፤ ድልድዩ ማርች 2024 በመርከብ ተገጭቶ ከወደቀ ወዲህ ፊላደልፊያ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ በሀይዌይ 695 ምዕራብ በኩል ዙሩ።

ባትሪውን ፈታችሁ ቤት አምጡት፤ በየጊዜው ቻርጅ አድርጉት። የደከመ ባትሪ በብርድ ይረጋል። ምግብ የሚባል ፍርፋሪ አይቅር። የልጅቷን ዳይፐርም አትተዉ፤ አይጥ ቀዳድዶ ጎጆ ይሠራበታል። ከወለሉ ሥር ቧንቧና ሽቦ የሚገቡበትን ቀዳዳ በብረት ሱፍ ድፈኑ። ከባድ ዝናብ ወይም በረዶ ባለፈ ቁጥር ባለቤትሽ ሄዶ ጣሪያውንና የቁም ሳጥኑን ማዕዘኖች በእጁ ይዳስስ። እርጥበት ካገኘ እዚህ ጻፉልን፤ በምን እንደሚታሸግ እነግራችኋለሁ።